ከሜትሮኖም ቀድሞ መምታት

ወንድሜ፣ «ከሜትሮኖም (እኩል ምት ከሚያሰማው መሣሪያ) ጋር ስለማመድ እጄ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀድማል፤ የሪትም ጆሮ የለኝም ማለት ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም አይደለም። ድራም በመጫወትና በማስተማር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ ራሴን ቀድቼ ሳዳምጥ እኔም እንዳንተው እየቀደምኩ አገኘሁት፣ በጣምም ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ኋላ ነው የገባኝ። ድምፁን ሰምተን ብንመታ ኖሮ ሁሌም እንዘገይ ነበር፤ ሰው ድምፅ ሰምቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። አእምሮ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ባለፉት ምቶች መካከል የነበረውን ክፍተት ይዞ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ይገምታል፣ እጅንም አስቀድሞ ያዛል። ከእኩል ምት ጋር ጣታቸውን እንዲመቱ የተደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ በጥቂት አሥርት ሚሊ ሰከንዶች ይቀድማሉ፤ ለራሳቸው ግን ልክ አብረው የመቱ ይመስላቸዋል። በሙዚቀኞች ላይ ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ በትንሹ መቅደምህ አያስጨንቅህ። እኔን የሚያሳስበኝ ተማሪ አንዴ በብዙ፣ አንዴ በጥቂት የሚቀድመው ነው።

ሪትም የጆሮ ሥራ ብቻ አለመሆኑንም ልብ በል። ሰው ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ምት ሲያዳምጥ እንኳ እንቅስቃሴን የሚመሩ የአንጎል ክፍሎቹ አብረው ይሠራሉ። የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎችም እኩል ምት እየሰሙ ሲራመዱ እርምጃቸው ይስተካከላል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጀማሪን ዱላ አላስይዝም፤ መጀመሪያ ቆሞ በእግሩ ይረግጣል፣ በአፉ ይቆጥራል። እጁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለውጡን ደግሞ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንተም እንዲህ ሞክር። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 40 ምት ላይ አድርገው። በሁለት ምቶች መካከል 1.5 ሰከንድ አለ፤ ክፍተቱ ወደ ሁለት ሰከንድ በተጠጋ ቁጥር አእምሮ ምቶቹን አያይዞ መያዝ ይከብደዋል፣ እጅም ይቸኩላል። ድምፁ ላይ «አንድ» በል፣ ባዶውን ቦታ «ሁለት፣ ሦስት» እያልክ በእኩል ሙላው። ሲለምድህ፣ የምትሰማውን ድምፅ እንደ «አንድ» ሳይሆን እንደ «ሁለት» ቁጠረው። ድምፁ ያው ነው፣ ግን ጠንካራው ምት ቦታ ሲቀይር ይሰማሃል። መጀመሪያ ላይ ይጠፋብሃል፤ አቁመህ እንደገና ጀምር።

ራስህን ስትቀዳ ገመድ አልባ ማዳመጫ አትጠቀም፤ ድምፁን ስለሚያዘገየው ልኬቱን ያዛባብሃል።