የበር ጎማ መቀየር፦ ጋቢናው አቧራና ውኃ ሲያስገባ

ጥያቄ፦ የቆየ አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ፒስታ መንገድ ስገባ ጋቢናው አቧራ በአቧራ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ደግሞ በሹፌሩ በር በኩል ምንጣፉ ይርሳል። የበሩ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሜትር የሚሸጠውን ገዝቼ ራሴ ብቀይረው ያዋጣኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ያዋጣል፤ መጀመሪያ ግን በሩን ይፈትሹ። ግማሽ ድረስ ከፍተው ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይ ያንሱት። ከፍ ዝቅ ካለ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል። እንዲህ የወረደ በር አዲስ ጎማ ቢለብስም ላይኛው ጥግ ላይ ክፍተቱ አይጠፋም፤ ማጠፊያውን አስቀድመው ያሠሩ።

በሩ ደህና ከሆነ የክፈፉን ዙሪያ በሲባጎ ይለኩና 10 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይግዙ። ሰው የሚሳሳተው በርዝመቱ ሳይሆን በውፍረቱ ነው። ከአሮጌው ጎማ፣ ካልተጨፈለቀበት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ቆርጠው፣ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያም ይሂዱ ሌላ ሱቅ፣ ይዘውት ይሂዱ። ሁለት ነገር ያስተያዩ፦ ላሜራውን የሚነክሰውን አፍ ስፋትና ውስጡ ባዶ የሆነውን ቱቦ ውፍረት። አፉ ከሰፋ ጎማው ይወልቃል። ቱቦው ከወፈረ በሩ አይገጥምም፤ እየወረወሩ ሲዘጉት ቁልፉም ማጠፊያውም ይጎዳል።

አሮጌውን ነቅለው የላሜራውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ዝገት ካለ አንቲረስት ቀብተው በደንብ ይድረቅ፤ ዝገት ላይ የገባ ጎማ ውኃ ይዞ ላሜራውን ከሥር ይበላዋል። የተጣመመውን ጠርዝ በፒንሳ ያቃኑ።

አዲሱን ከታች፣ ከቀጥተኛው ክፍል መሃል ጀምረው በመዳፍ እየመቱ ያስገቡ። አይሳቡት! ተስቦ የገባ ጎማ ውሎ አድሮ ይሰበሰብና መጋጠሚያው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ማዕዘን ላይ እንዲያውም ትንሽ ገፋ አድርገው ያጭቁት። መጨረሻ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው ይቁረጡና ሁለቱን ጫፎች አፍ ለአፍ አጋጥመው በማስቲሽ ያጣብቁ። ማስቲሹ ሁለቱም ጫፍ ላይ ይቀባል፤ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ጠብቀው ይጫኑት። እርጥቡን የሚያጣብቅ ሰው ነው በማግስቱ «ማስቲሹ አይረባም» የሚለው።

ቀጥሎ ጎማው ላይ ዙሪያውን ጠመኔ ይቀቡ፤ በሩን ዘግተው ይክፈቱ። ነጩ መስመር በሩ ላይ የተቋረጠበት ቦታ አየር የሚገባበት ነው። በሩ በጣም ከጠነከረ ክፈፉ ላይ ያለውን የቁልፍ መቀበያ ብሎኖች አላልተው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይግፉት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጠንከር ማለቱ ግን ያለ ነው፤ ሲዘጉ የወዲያኛውን መስኮት ዝቅ ቢያደርጉ ይቀልልዎታል።

ምንጣፉ ከዚህም በኋላ ከራሰ ጥፋቱ የበሩ ጎማ ላይሆን ይችላል። የፊት መስታወቱን ጎማ፣ ከበሩ ሥር ያሉትንም የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ይመልከቱ፤ በጭቃ ከተደፈኑ በሽቦ ይክፈቷቸው።

ጥያቄ፦ ጎማው እንዳይደርቅ ግሪስ ወይም ናፍጣ ብቀባውስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉ። ለጊዜው ያብረቀርቀዋል እንጂ የነዳጅ ዘር የበር ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል፤ ግሪሱ ላይ የተለጠፈው አቧራም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በሳሙና ውኃ አጥበው ሲደርቅ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀቡት።