ለአጭሩ መንገድ ውድ ዋጋ?

ጥያቄ፦ ለገሃር ቡና እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ድሮ እንዳሻቸው ያስከፍሉ ነበር ይላል። እኔ ደግሞ ውድድር እያለ እንዴት ብዬ ሞገትኩት። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም፤ ቡናውን ግን አንተ ክፈል። ከቺካጎ ኒው ዮርክ ብዙ መስመር ስለነበረ ኩባንያዎቹ ዋጋ እየሰበሩ ይሻሙ ነበር፣ መሃል ላይ አንድ ሐዲድ ብቻ የሚያልፍበት ገበሬ ግን እህሉን ለመላክ ለአጭሩ መንገድ ከረጅሙ በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ከመርካቶ ፒያሳ፣ ከመርካቶ ቃሊቲ በላይ ክፈል ብትባል አስበው! እንደ ነዳጅ ኩባንያው ስታንዳርድ ኦይል ላሉት ትልልቅ ደንበኞች ደግሞ ከከፈሉት ላይ በጓሮ በር ይመለስላቸው ነበር። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1887 ይህን የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ግን ጥርስ የሌለው አንበሳ ነበር፤ የዋጋ ጣሪያ የመወሰን ሥልጣን ያገኘው ገና በ1906 ነው።