የመብራት ክፍያና የኃይል ምንጭ፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መደረጉ በየቤቱ ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል። በኤሌክትሪክ ሙያ የቆየሁ በመሆኔ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን መልሻለሁ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ቦንድ ገዝተን ያቆምነው የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መብራት ሊረክስ ሲገባው ስለ ምን ይወደዳል?

መልስ፦ ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከውሃ የሚገኘውም ኃይል ርካሽ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ግድቡ ካለበት ከጉባ ተነሥቶ ቤትዎ እስኪደርስ የሚያልፍበት መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዕቃውም የቆየውም የውጭ ዕዳ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ታሪፉ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይነካ መቆየቱም ሸክሙን አጠራቅሞታል። ስለዚህ ጭማሪውን በጠቅላላው አልነቅፍም፤ መብራት ሲጠፋ ውሎ ለሚያድር ሰፈር ግን አስቀድሞ መስመሩ ሊጠገንለት ይገባ ነበር እላለሁ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ከአምፖልና ከቴሌቪዥን በቀር ምንም የለንም፤ አከራያችን ግን የሚጠይቁን ክፍያ ከብዶናል።

መልስ፦ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ጉዳይ ነው። የቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታችሁን የሚለካበት መለኪያ) ሲሆን ዋጋው ዝቅ ያለው ለድኻ ታስቦ ነው። ከመስከረም 2017 በፊት በነበረው ታሪፍ የዚህ እርከን ሒሳብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ አምስታችሁ በወር 40፣ 40 ብትጠቀሙ ለየብቻ ሁላችሁም በዝቅተኛው እርከን ትሆናላችሁ፤ በአንድ ቆጣሪ ግን 200 ይሆንና ቆጣሪው እንደ አንድ ባለጸጋ ቤት ይቆጥራችኋል። አከራያችሁ ለኪሳቸው ብለው አልጨመሩ ይሆናል፤ ስሌቱ ራሱ ነው የሚበድለው። ለየራስ ቆጣሪ ማመልከት ዋናው መፍትሔ ነው፤ እስከዚያው በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገብታችሁ የተጠቀማችሁትን ብቻ ብትካፈሉ ቢያንስ ጠብ ይቀራል። ታሪፍ የሚያወጡ ሰዎች በጋራ ቆጣሪ የሚኖረውን ተከራይ በእርከኑ ውስጥ እስካላሰቡት ድረስ፣ ለድኻ የተባለው ቅናሽ ድኻውን አያገኘውም።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ የእንጀራ ምጣድ ምን ያህል ይበላል? በሳምንት ሁለት ጊዜ እጋግራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የተለመደው ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ 5.25፣ በወር ስምንት ጊዜ ሲጋገር 42 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ምጣዱ ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። ብዙው የሚባክነው ምጣዱ እስኪግል ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሊጡን አከማችቶ በሳምንት አንድ ጊዜ መጋገር፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በጋለው ምጣድ ተከታትሎ መጋገር ይጠቅማል። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ማብሪያውን አጥፍተው ያውጧቸው፤ አክንባሎውም በደንብ የሚገጥም ይሁን።

ጥያቄ፣ ከፋግታ ለኮማ፦ እኛ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክለን ከሰል እናከስላለን። ከሰል አይሻልም?

መልስ፦ ለገበሬው ጥሩ ገቢ ሆኖታል፤ የተራቆተውንም መሬት አልብሷል። ለማብሰያ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላልና መስኮት ሳይከፈት አይነደድ።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ የበለስ ጣቢያ የጣናን ውሃ ወስዶ ጢስ ዓባይን አሳጣን። ውሃን መተው አይሻልም?

መልስ፦ ፏፏቴው መሳሳቱ እውነት ነው፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ሆኖም በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ጥቂት ሜጋዋት ብቻ ሲያመነጭ፣ በ2002 የተመረቀው በለስ 460 ሜጋዋት የሚያወጣው ውሃው በዋሻ አልፎ እጅግ ከፍ ካለ ቦታ ስለሚወርድ ነው። ውሃን እንተው አልልም፤ የአገሪቱ ኃይል ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ መሆኑ ግን ድርቅ ሲመጣ አደጋ ነው። አዳማና አሸጎዳ ያለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በበጋ ውሃው ሲያንስ የሚያግዝ ስለሆነ ቢበረታበት እመርጣለሁ። ከሩሲያ ጋር የተጀመረው የኑክሌር ዕቅድ ረጅም ዓመታትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ለዛሬው ክፍያችን መልስ አይሆንም።

ጥያቄ፣ ከቢቸና ገጠር፦ መስመር እስኪደርሰን ሶላር ብንገዛስ?

መልስ፦ ለአምፖል፣ ለስልክና ለሬዲዮ ይግዙ። ምጣድ ግን አያስቡበት፤ ለእንጀራ «ምርጥ» የተባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን በእጅጉ ይቀንስልዎታል። ሲገዙ የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው።