ሐሳቡ ደጅ ላይ ሳለ

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ። ዳዊትም እደግማለሁ። ሥራ ገብቼ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁልጊዜ ሰው ፊት ታርመኛለች። ቀኑን ሙሉ በልቤ ከእሷ ጋር ስሟገት እውላለሁ። «ንቁ» የሚለውን ቃል ሰምቼ እያንዳንዱን ሐሳቤን መከታተል ጀመርኩ። ይባስ ብሎ ደከመኝ። ክርስትና እንዲህ ራስን መሰለል ነው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ «በልቤ ስሟገት እውላለሁ» ያልሽው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እኔም ዓመታት እንዲሁ አሳልፌያለሁ። ያስከፋኝ ሰው ከሄደ በኋላ ዕቃ እያጠብኩ መልስ እሰጠው ነበር። ፊት ለፊት ያላልኩትን ሁሉ አሳምሬ እናገራለሁ። እሱ ደግሞ በእኔ ሐሳብ ውስጥ መልስ ያጣል። አንድ ቀን ብንን ስል ባዶ እጄን የተከፈተ ቧንቧ ሥር ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ሳህኑ ካለቀ ቆይቷል።

ጥያቄሽን ልመልስ። አይደለም፣ መሰለል አይደለም። የሚያደክምሽ የመጣውን ሐሳብ ሁሉ እንደ ኃጢአት መቁጠርሽ ይመስለኛል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ፣ ሐሳብ መጥቶ ማወኩ በእኛ እጅ አይደለም፤ መቆየት አለመቆየቱ ግን በእኛ እጅ ነው ብሎ አስተምሯል። (ሌሎች ትምህርቶቹ በኋላ ተወግዘዋል፤ ይህኛውን ግን መነኮሳት አልጣሉትም።) በ7ኛው ክፍለ ዘመን የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስም ነገሩን በደረጃ ለይቶታል። ሐሳቡ ይመጣል። ቀጥሎ እናወራዋለን። ከዚያ እንስማማለን። በኋላ ይማርከናል። የመጀመሪያው፣ መምጣቱ፣ ኃጢአት የለበትም ይላል።

ያንቺን እንየው። «ደግሞ አዋረደችኝ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ደጅ እያንኳኳ ነው። «ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያደረገችኝ» ስትዪ ወንበር ሰጠሽው። «ቆይ፣ አሳያታለሁ» ካልሽ ተስማማሽ። ማታ አልጋ ላይ ሆነሽም እሷኑ ካሰብሽ ተማርከሻል። ከምርኮ መውጣት ከባድ ነው። ደጅ ላይ መመለሱ ይቀላል።

ሐዋርያው ጴጥሮስ «በመጠን ኑሩ፣ ንቁም» ሲል ለ«በመጠን ኑሩ» የተጠቀመበት የግሪክ ቃል አለመስከርን ያመለክታል። አባቶች ይህን ንቃት ኔፕሲስ ይሉታል። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቀለለኝ። ያልሰከረ ሹፌር መንገዱን ያያል እንጂ እያንዳንዱ ጠጠር ላይ አያፈጥም።

ስለዚህ ሐሳብሽን ሁሉ መከታተል ተዪ። ለአንድ ሳምንት አንድ በር ብቻ ጠብቂ። እሷ መናገር የምትጀምርበትን ቅጽበት። ሰውነትሽ ቀድሞ ይነግርሻል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው ራሴን የማገኘው። ያን ጊዜ ከሐሳቡ ጋር አትከራከሪ፤ ክርክሩ ራሱ ወሬ ነው። «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» በይ። በልብሽ፣ ቀስ ብለሽ። ከዚያ ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ሐሳቡ አሥር ጊዜ ቢመለስ አሥር ጊዜ በይው። አሥር ጊዜ ወደቅሽ ማለት አይደለም፤ አሥር ጊዜ ጸለይሽ።

ማታ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ፍርድ ቤት አታቁሚ። የተሸነፍሽበትን ለእግዚአብሔር ነግረሽው ተኚ። በጌቴሴማኒ «ትጉና ጸልዩ» የተባሉት ደቀ መዛሙርት ሦስቴ ተኝተው ነው የተገኙት። ጌታ ግን ጥሏቸው አልሄደም፤ «ተነሡ፣ እንሂድ» አላቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሐሳቡ እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ የሚያስፈራሽና ብትጸልዪም ፋታ የማይሰጥሽ ከሆነ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ወይም ለመንፈሳዊ መሪሽ ንገሪ፤ ሐኪምም አማክሪ። ሁለቱ አይጣሉም።

ልጅቷን በተመለከተ፣ ንቃት ዝም ማለት አይደለም። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ሆናችሁ ተነጋገሩ ያለውን አስቢ። ልብሽ የረጋበትን ቀን ጠብቂና ለብቻዋ አግኝተሽ፣ «ስህተቴን ብቻዬን ስሆን ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል» በያት። ያ ሁሉ በልብሽ ያደረግሽው ሙግት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእሷ አላደረሰላትም።