ፍቅሩን ከደበቀ «ጨካኝ» የሚላት ለምንድን ነው?

የሚደብቀው ከእርሷ ነው እንጂ ከአድማጩ አይደለም። «በድሮ የእንግሊዝ ባላዶች (ታሪክ በሚተርኩ የግጥም ዘፈኖች) አፍቃሪው ስሜቱን ካልነገራት እንዴት ጨካኝ ይላታል?» ላሉት መልሱ ይኸው ነው። በአንድ ወረቀት ታትመው በየመንገዱ ይሸጡ ከነበሩት የፍቅር እሮሮዎች በብዙዎቹ አፍቃሪው ብቻውን ሲያንጎራጉር አንድ መንገደኛ ይሰማዋል፤ እኛም ከመንገደኛው ጋር ቆመን እናዳምጣለን። እንዳይነግራት ክብሩ ይይዘዋል፤ መሳለቂያ መሆንን ይፈራል።

በቃል የወረዱት ባላዶች ግን ስሜትን በድርጊት ያሳያሉ እንጂ እምብዛም አይናገሩም። እንግሊዛዊው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ በ1666 እ.ኤ.አ. በዕለት ማስታወሻው የጠቀሰውን «ባርባራ አለን»ን ይመልከቱ። እዚያ ፍቅሯን የደበቀችው ጨካኟ ራሷ ናት! ሊሞት የተቃረበው ወጣት ሲያስጠራት እግሯን እየጎተተች ትመጣለች፤ እየሞተ መሆኑን ነግራው ትመለሳለች። ልቧ የሚገለጠው የሞቱ ደወል ሲደወል ነው። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በአንድ ቅጂ ብቻ አይፍረዱ። እኔ መጀመሪያ ያነበብሁት ቅጂ፣ ወጣቱ በመጠጥ ቤት ለሌሎች ቆነጃጅት ጽዋ ሲያነሣ እርሷን መዝለሉን የሚናገረው ስንኝ አልነበረበትም። ምክንያቷን ሳላውቅ ለዓመታት ስኮንናት ኖርሁ።