ላቭበርዴ ሳላስበው እንቁላል ጣለች፦ የቅዳሜ ከሰዓት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ላቭበርድ (ትንሿን የበቀቀን ዘር) ማርባት ከጀመርኩ 14 ዓመት አልፎኛል። ሰሞኑን በውስጥ የምትልኩልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ስለዚህ ዛሬ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ተኩል እዚሁ ነኝ፤ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ የወፏን ዕድሜ፣ የምትበላውን፣ የመጀመሪያው እንቁላል የወጣበትን ቀን። ሐኪም አይደለሁም፤ አርቢ ነኝ።

ከጠባሴ፦ ጋሼ፣ ለልጄ ብዬ ሁለት ላቭበርድ ገዝቼ ነበር። ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል። የጎጆ ሳጥንም ምንም አላስገባሁላቸውም። ሐሙስ ጠዋት ኬጁ ወለል ላይ አንድ እንቁላል አገኘሁ። እስካሁን አልጨመረችም። ላንሳው?

አታንሺው! ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ልመዱት። እንቁላሉን ስታነሺባት የጎደለውን ለመተካት ትጥላለች። ደግመሽ ስታነሺ ደግማ ትጥላለች። የእያንዳንዱ ቅርፊት ካልሲየም ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? ከምግቧ ካልበቃት ከገዛ አጥንቷ ነው የምትቀዳው። ከቤት አውጥተሽ የጣልሽው እንቁላል ወፏን ነው የሚበላት።

አልጨመረችም ብለሽ አትስጊ። ላቭበርድ በየቀኑ አትጥልም፤ ቀን እየዘለለች ነው። ዛሬ ወይ ነገ ሁለተኛውን ታያለሽ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ደርሳ ታቆማለች።

አሁን የምታደርጊው ይኸውልሽ። ጎኑ ዝቅ ያለ ካርቶን ወለሉ ላይ አድርጊላት፤ ንጹህ ወረቀት ቀደሽ ጨምሪበት፤ እንቁላሉን እዚያ አኑሪው። የአናጢ ቤት ፍቅፋቂ አታስገቢ፤ ቫርኒሽና ሙጫ የነካው ይኖራል። የጽድም ቢሆን ሽታው ለሳንባቸው አይሆንም። ከዚያ ከባልሽም ከልጅሽም ጋር ተማክረሽ አንድ ነገር ወስኚ፦ ጫጩት ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም?

ካልፈለጋችሁ እንቁላሉን ትኩስ ሳለ፣ ማለትም በተጣለ በቀኑ ወይ በማግስቱ፣ 10 ደቂቃ ቀቅለሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ምልክት አድርገሽ መልሽላት። የሐሙሱ አንድ ቀን ቢያልፈውም ዛሬውኑ ቀቅይው። የሚቀጥሉትንም እንደዚያው። እሷ ትታቀፈዋለች። ሦስት ሳምንት ያህል ታቅፋ አልፈለፍል ሲላት ራሷ ትተዋለች። ያኔ ሰብስበሽ ጣይው፤ አታዝንም፣ አትተካም። ከፈለጋችሁ ደግሞ አትንኪ፤ ከ21 እስከ 23 ቀን ጠብቂ።

ከደብረ ሲና፦ የእኔ አንድ ብቻ ናት። ወንድ አይታ አታውቅም። እንዴት ጣለች?

ያለ አውራ የምትጥል ዶሮ አላየሽም? ያው ነው። አይፈለፈልም። አታንሺባት።

ከሸኖ፦ ወንድና ሴት ተብሎ የተሸጠልኝ ጥንድ ነው። እንቁላሉ 10 ደረሰ! ሁለቱም ይታቀፋሉ። ጀግና ናት መሰለኝ?

ጀግና አይደለችም፤ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ሴት ናቸው። ይፋቀራሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ ያ ወንድነት አይሆንም። እንቁላሉ 8፣ 10 ሲደርስ፣ ሁለቱም ሲታቀፉ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ መፈልፈል የለም።

አንድ አባል፦ የዳሌ አጥንት በጣት ዳብሶ ማወቅ ይቻላል እኮ።

ግምት ነው። እኔም ስዳብስ ከርሜ ተሳስቻለሁ። ፊቷ ሮዝ የሆነችው ዘር ሴቷ ወረቀት ቀዳ ጭራዋ ሥር ላባዋ ውስጥ ትሸጉጣለች፤ እሱ ጥሩ ፍንጭ ነው። የፊሸር ላቭበርድ ግን በአፏ ነው የምትሸከመው። የተረጋገጠ ነገር የፈለገ የዘረ መል ምርመራ ያስደርግ።

ግን ወንድና ሴቱን በዓይን የምትለዩት ላቭበርድ አለ። የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እዚሁ ጓሯችን! በዓለም ላይ ያሉት ላቭበርዶች 9 ዓይነት ናቸው፤ ስምንቱ ከአፍሪካ ምድር፣ አንዱ ከማዳጋስካር። ከእነዚህ አንዱ፣ ክንፈ ጥቁሩ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተራሮች ሌላ አገር የለውም። ከዘመዶቹ ሁሉ በአካል ትልቁ እሱ ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ አረንጓዴ ብቻ ናት። የጽድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ይበላል፤ በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ያድራል፤ እዚያው ይጥላል። አንኮበር ስትወርዱ፣ ወፍ ዋሻ ደን ጥግ፣ ማለዳ ላይ ጸጥ ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ድምፃቸው ነው የሚመጣው፤ ከዚያ አረንጓዴ ነገር እንደ ጥይት ያልፋል። እኔን ወፍ ወዳድ ያደረገኝ እሱ ነው።

ከአንኮበር፦ ታዲያ ጋሼ፣ ያንን ይዘን ከቤቱ ጋር ብናዳቅለውስ? ብርዱን ይችልልን ነበር።

ከፍቼ፦ እኔም አስቤው ነበር። ልጆች በወጥመድ ይይዙታል።

አይሆንም! ከዱር ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንስ? የዱሩ ወፍ ኬጅ ውስጥ በድንጋጤ ሊሞት ይችላል። በእንቁላል ወቅት እናቷን ከያዛችሁ ደግሞ ፍልፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አለቁ ማለት ነው። ይህን ርዕስ እዚህ ዝጉት።

ከአንኮበር፦ ጠየቅኩ እንጂ ያዝኩ አላልኩም።

እሺ ወንድሜ። ቀጣይ።

ስም አልጻፈም፦ ወፌ አሟታል፣ ምን ልስጣት?

ምን ሆነች? ዕድሜዋስ? ጥላለች? ምን ትበላለች? "አሟታል" ተብሎ መድኃኒት አይነገርም። ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ከመሐል ሜዳ፦ የእኔ ሁለት ጥላ ሦስተኛው ላይ ከትናንት ጀምሮ ወለል ላይ ቁጭ ብላለች። ላባዋን ነፍታለች። ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ዓመት ሆኗታል፣ የምትበላው ዳጉሳ ብቻ ነው።

እንዲህ ነው የሚጠየቀው። እህቴ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ እንቁላሉ አልወጣ ብሏታል። በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አሁኑኑ ሐኪም ፈልጊ፤ እስክትደርሺ ግን ይህን አድርጊ። ትንሽ ካርቶን ውስጥ አስገቢያት። ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከአንድ ጎኗ አድርጊ። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ሲበዛባት ሸሽታ የምትቆምበት ቦታ ተዪላት። እርጥብ ጨርቅ አጠገቧ ይኑር፤ አየሩ እንዳይደርቅ። ሆዷን አትጫኚ። አትጎትቺ። ውስጧ ከተሰበረ አበቃ።

ለምን እንደመጣ ለሁላችሁም ልንገራችሁ። አንደኛ ካልሲየም። ዳጉሳ ብቻዋን አትበቃም። ሁለተኛ ብርድ። ፊቷ ሮዝ የሆነችው ላቭበርድ የዘሯ አገር ናሚቢያና አንጎላ ደረቅ ምድር ነው፤ እናንተ ደግሞ የኅዳር ውርጭ በሚጥልበት ሰገነት ላይ ታሳድሯታላችሁ። ሦስተኛ ፀሐይ። በመስታወት ያለፈ ፀሐይ አይጠቅማትም፤ ጠዋት ጠዋት ነፋስ በሌለበት ደጅ አውጧት፤ ግማሹን ጥላ አድርጉላት።

እና ጭስ! ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ ወፏ ያለችበት ክፍል አታስገቡ። የወፍ ሳንባ ከእኛ ቀድሞ ይሸነፋል። ቡና ስታፈሉ ዕጣኑም ያው ነው፤ ወፏን ወደ ሌላ ክፍል አውጧት። የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን ሲግልም ጋዙ ይገድላታል።

ከመሐል ሜዳ፦ እዚህ ያሉት ከብት ነው የምናክመው አሉኝ ጋሼ።

ደውዪላቸው እንደገና፤ የካልሲየም መርፌ ያውቃሉ፤ መጠኑን ግን በክብደቷ ይቁረጡት። ላቭበርድ 50 ግራም አካባቢ ናት በያቸው። በውስጥ ስልክሽን ላኪልኝ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጫጩት መኖሩን በምን አውቃለሁ?

በ7ኛው ቀን ማታ የስልክ ባትሪ ከሥሩ አብራበት። ቀይ ክር ካየህ አለ። ጥርት ያለ ቢጫ ከሆነ የለም። ቶሎ መልሰው።

ከደብረ ብርሃን፦ ምግብ ላይ፣ እኔ ገብስ ብቻ ነው የምሰጠው። የመንዝ ገብስ ሰውን ያቆመ ወፍን ያንሰዋል?

ከጠባሴ፦ ኑግ ነው እንጂ የወፍ ምግብ! ፈረንጅ እንኳ ለወፎቹ ከእኛ ገዝቶ ነው የሚወስደው።

ከደብረ ብርሃን፦ ኑግ ያወፍራል፤ ወፍራም ወፍ እንቁላል ያስቸግራታል።

ከጠባሴ፦ ገብስ ብቻ የበላችውስ?

ሁለታችሁም በአንድ እህል አትሟገቱ። ዳጉሳ፣ የበቀለ ገብስ፣ ኑግና ሱፍ ቁንጥር። ዋናው ቅጠሉ ነው። ጎመን ስጡ። ቆስጣ አይደለም፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው አሲድ ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ወቅጣችሁ በትንሽ ሳህን አኑሩላት፤ የሚበቃትን ራሷ ታነሳለች። አቮካዶ መርዝ ነው፤ አንድ ጊዜም ቢሆን አትስጡ።

ከአጣዬ፦ እንቁላል ጥላብኛለች፣ ልጣለው?

ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። የመጀመሪያው መልስ።

ከአጣዬ፦ ረጅም ነው እኮ።

አታንሳ። አጠረልህ?

ከፍቼ፦ የእኔ በዓመት አራት ዙር ጣለች። እንዴት ላስቁማት?

ሳሎን ነው የምታሳድራት፣ አይደል? መብራትና ቴሌቪዥን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይበራል። ለእሷ ያ ረጅም ቀን ነው፤ ረጅም ቀን ማለት ደግሞ "ውለጂ" ማለት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ስጣት፤ 13 ሰዓት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ሳጥኑን አውጣ። ወረቀት የምትቀድበት አትተው። ጀርባዋን አትደባብስ፤ ጭንቅላቷን ብቻ። የኬጁን ቦታ ቀይር። በዓመት ከሁለት ዙር በላይ አይፈቀድላትም፤ እኔ ቤት ሕጉ ይኸው ነው።

ከሸኖ፣ ሌላ ሰው፦ ጫጩት ብትፈለፍል በእጄ ላሳድገው? ቶሎ ይለምዳል ይላሉ።

አትሞክር። ገንፎው ሳንባው ገብቶ ይሞትብሃል። እናቱ ታውቃለች። ስድስት ሳምንት ሲሞላው ራሱ ይወጣል።

ስም አልጻፈም፦ ሰማያዊው ስንት ይሸጣል?

የዋጋ ጥያቄ አልመልስም።

11 ተኩል ሊሆን ነው። ወፎቼን መሸፈን አለብኝ። የመሐል ሜዳዋ፣ ምን ሆነች?

ከመሐል ሜዳ፦ ሐኪሙ መጥቶ ወጋልኝ። ካርቶኗ ውስጥ ናት። ገና አልወጣም፣ ግን ዓይኗን ገልጣለች።

ሙቀቱን እንዳታቋርጪ። ስልኬ አይጠፋም፤ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።

ከጠባሴ፦ ጋሼ! ሁለተኛውን አሁን ጣለች! ካርቶኑ ውስጥ!

ቀኑን ጻፊው። ውኃ ጣጂ።