መልስ፦ ዐቃቤ ሕግ «አንከስህም» ካለ ውል ነው?

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ስላለው የአጎትህ ልጅ የጻፍከውን አነበብኩ። ዐቃቤ ሕጉ «የምታውቀውን ተናገር፣ አንከስህም» ብሎታል። ይህ እንደ ውል ያስገድደዋል ወይ ነው ጥያቄህ።

እንደ ውል አያስገድደውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1675 ውል የሚለው ንብረትን በሚመለከቱ ግዴታዎች ላይ የሚደረግ ስምምነትን ነው። የመክሰስ ሥልጣን ደግሞ የመንግሥት እንጂ የዐቃቤ ሕጉ የግሉ አይደለም። እንደ ቤት ኪራይ የሚፈራረሙበት ነገር አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ እንኳ በወሲባዊ ጥቃት የተወነጀለውን የኮሜዲ ተዋናይ የቢል ኮዝቢን ጉዳይ እይ። በ2005 እ.ኤ.አ. ዐቃቤ ሕጉ እንደማይከሰው በይፋ አስታወቀ። ሰውየው ያንን አምኖ በፍትሐ ብሔር ክርክር ቃሉን ሰጠ። በኋላ ያው ቃሉ ማስረጃ ሆኖበት ተፈረደበት። በ2021 የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ ግን ውል ስለነበረ አይደለም፤ ሰው አምኖ ዝም የማለት መብቱን ከተወ በኋላ ቃልን ማጠፍ ፍትሕን ያጓድላል ብሎ ነው።

እኛ ጋ ያለው መንገድ የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። መረጃ በሰጡበት ወንጀል ከመከሰስ ነፃ መሆንን ከጥበቃዎቹ አንዱ ያደርገዋል። ይህ በሕጉ ሥርዓት ሲሰጥ ነው እንጂ ኮሪደር ላይ በተነገረ ቃል አይደለም።

ታናሽ ወንድሜ እንዲሁ ተብሎ አምኖ ነበር። እጁ ላይ የቀረው በደረሰኝ ጀርባ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ከሦስት ወር በኋላ መጥሪያ መጣለት። እናታችን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

አቦ፣ ልጁ ቃሉን ሳይሰጥ ዛሬውኑ ጠበቃ ያግኝ።